በገብስ ጭድና በበቆሎ ቆሮቆንዳ ከባድ ብረታትን ከውሃ ማውጣት፦ ከዝግጅት እስከ አወጋገድ

ጭዱ ይፈጫል፣ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ በማግስቱ ውሃው ሻይ መስሎ ያድራል። ናሙናው ላቦራቶሪ ሲሄድ ደግሞ ብረቱ እንዳለ ይገኛል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጭዱ አይደለም፤ ከአስተጣጠቡ፣ ከውሃው ፒኤች (የአሲድነት ልክ) እና ከአለካኩ ነው። ይህ መመሪያ በሰሜን ሸዋ በቀላሉ በሚገኙ ሁለት ተረፈ ምርቶች ላይ የተመሠረተ ነው፦ ለደጋው የገብስ ጭድ፣ ለቆላው የበቆሎ ቆሮቆንዳ።

መጀመሪያ ይህን እወቁ

በዚህ መንገድ የታከመ ውሃ አይጠጣም። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። በሊትር 10 ሚሊ ግራም እርሳስ ካለው ውሃ 95 በመቶውን ብታወጡ 0.5 ሚሊ ግራም ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው 0.01 ነው። ተሳክቶላችሁም ከልኩ 50 እጥፍ ላይ ናችሁ ማለት ነው። ዘዴው የሚጠቅመው ለላቦራቶሪ ሥራ፣ ከወርክሾፕ የሚወጣን ቀላል ፍሳሽ ለመቀነስ እና በሌላ መንገድ ከታከመ ፍሳሽ የተረፈውን ለመልቀም ነው።

የሚይዘው እርሳስን፣ መዳብን፣ ካድሚየምን፣ ዚንክንና ኒኬልን ነው። እነዚህ ውሃ ውስጥ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት አላቸው፤ የተክሉ ግድግዳ ላይ ያሉት የአሲድ ቡድኖች ደግሞ ካልሲየማቸውንና ፖታሲየማቸውን ለቀው በምትኩ ብረቱን ይይዛሉ። ፍሎራይድ አሉታዊ፣ አርሴኒክም አሉታዊ ወይም ገለልተኛ ስለሆነ ተራ ጭድ አይዛቸውም። ክሮሚየም የራሱ ጣጣ አለው፤ ከታች ለብቻው ተጽፏል።

ደረጃ 1፦ ጥሬውን ምረጡ

1. ጭዱን ከታኅሣሥና ከጥር ውቂያ በኋላ፣ ዝናብ ሳይነካው ውሰዱ።
2. ከክምሩ መሃል ውሰዱ። በእበት ከተለቀለቀ አውድማ ላይ የተጠረገውን የታችኛውን ጭድ አትንኩ። አፈርና እበት ስላለበት ጨውና የሚሟሟ ቆሻሻ ወደ ውሃው ያስገባል፤ እሱን አጥቦ መጨረስ አይቻልም።
3. ሻጋታ ያለበትን፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣውንና የሚሸተውን ጣሉ።
4. ቆሮቆንዳውን ከቀወት ወይም ከኤፍራታና ግድም ቆላ ካመጣችሁ፣ ፍሬ ያልቀረበትንና ነቀዝ ያልበላውን ለዩ።
5. በንጹሕ ጆንያ ያዙት። የማዳበሪያ ከረጢት አትጠቀሙ። የፎስፌት ማዳበሪያ ትራፊ ካድሚየም ሊኖረው ይችላል፤ ፎስፌቱ ደግሞ እርሳስን ራሱ ያዘቅጠዋል። ያን ጊዜ የሠራው ጭዱ ይሁን ከረጢቱ አታውቁም።

ጭድ የከብት ቀለብ ነው። ለሙከራ ሁለት ኪሎ ስለሚበቃ የበጋውን መኖ አትሻሙ፤ መጠኑ ሲበዛ ወደ ቆሮቆንዳ ዙሩ።

ደረጃ 2፦ ቁረጡ፣ ፍጩ፣ ንፉ

ጭዱን በመቀስ ወይም በማጭድ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ቆሮቆንዳውን በሙቀጫ ሰባብሩ፣ ከዚያ ፍጩ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የገብስ ፂምና እብቅ ሳንባ ይቧጥጣል።

ወፍጮው ዱቄት የቀረበት ከሆነ መጀመሪያ አንድ ጭብጥ ጭድ አስፈጭታችሁ ጣሉት። ስታርች ከገባበት ውሃው ውስጥ ይጣበቃል፣ ማጣሪያውንም ይደፍናል።

ሁለት መጠን አውጡ፦ ከ0.5 ሚሊ ሜትር በታች ለባልዲ (ደረጃ 9)፣ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ለቱቦ (ደረጃ 10)። ደቃቁን ቱቦ ውስጥ መክተት በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ውሃ ማሳለፍ ያቆማል።

ደረጃ 3፦ እጠቡ

ቡናማው ቀለም ታኒንና ሌላ የሚሟሟ ነገር ነው። ችግሩ ቀለም ብቻ አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ብረቱን ራሱ ይዞ ይቀራል፣ ወደ ጭዱ እንዳይሄድ ያደርገዋል።

1. 100 ግራም ለ2 ሊትር ውሃ አድርጋችሁ በሳፋ ውስጥ ለ10 ደቂቃ አሹ፣ በአቡጀዴ አጥልሉ። ሦስት ጊዜ ድገሙ።
2. በአዲስ ውሃ አንድ ሰዓት ቀቅሉ። ደብረ ብርሃን ከፍታው 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ድስቱ የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል ይሁን። መዳብና አሉሚኒየም አይሆንም።
3. አጥልሉና በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ።
4. ፈትኑ፦ ከታጠበው 1 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ ለሁለት ሰዓት አስቀምጡ። ነጭ ወረቀት ላይ ይዛችሁ ስታዩት ቀለም ካለው ወደ ተራ ቁጥር 2 ተመለሱ። ሁለት ጊዜ መቀቀል የተለመደ ነው፤ አትሰልቹ።

ደረጃ 4፦ በካስቲክ ሶዳ እከሙ

የገብስ ጭድ ላዩ ሰም አለው፤ ውሃ ይሸሻል፣ ይንሳፈፋል። ካስቲክ ሶዳ ሰሙን ያነሳል፣ የተዘጉትንም የአሲድ ቡድኖች ይከፍታል።

1. ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። ካስቲክ ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ሶዳው አይፈስስም።
2. በ1 ሊትር ውሃ 4 ግራም አሟሙ።
3. ለ1 ግራም ጭድ 20 ሚሊ ሊትር ሒሳብ አድርጋችሁ (ለ100 ግራም 2 ሊትር) ለአንድ ሰዓት እያማሰላችሁ አቆዩ።
4. አጥልሉ፤ የመታጠቢያው ውሃ ፒኤች ከቧንቧው ውሃ ጋር እኩል እስኪሆን እጠቡ።

አታጠንክሩት። «ቢበዛ ይሻላል» ብለው 40 ግራም የሚጨምሩ አሉ። ያን ጊዜ ጭዱ ይቀልጥና እንደ ገንፎ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ማጣራት ዘበት ነው። የወጣውን ቡናማ ፈሳሽ ፒኤቹ ከ6 እስከ 9 እስኪደርስ በኮምጣጤ አለዝቡት፣ ከዚያ ድፉት።

ደረጃ 5፦ ሲትሪክ አሲድ (ለሚችል ብቻ)

ይህ ደረጃ የመያዝ አቅሙን በደንብ ይጨምራል፤ ነገር ግን ሙቀቱን በትክክል የሚይዝ የላቦራቶሪ ኦቨን ከሌላችሁ ዝለሉት። በከሰል ወይም በምድጃ አይሠራም።

1. 115 ግራም ውሃ አልባ ሲትሪክ አሲድ በውሃ አሟምታችሁ መጠኑን 1 ሊትር አድርሱ።
2. ለ1 ግራም ደረቅ ጭድ 7 ሚሊ ሊትር አፍስሱ፤ ሁሉም እስኪርስ አማስሉ።
3. በ50 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አድርቁ።
4. ወደ 120 ዲግሪ አውጥታችሁ ለ90 ደቂቃ አቆዩ። አሲዱ ከጭዱ ጋር የሚተሳሰረው በዚህ ሰዓት ነው። የመቃጠል ሽታ ከመጣ ሙቀቱ አልፏል፤ ያ ጭድ አይረባም።
5. በብዙ ሙቅ ውሃ እጠቡ፤ ፒኤቹ ከመታጠቢያው ውሃ ጋር እኩል ሲሆን አቁሙ።

የመጨረሻው እጥበት ካልተሟላ ሥራው ሁሉ ይገለበጣል። ከጭዱ ጋር የታሰረ ሲትሪክ አሲድ ብረት ይይዛል፤ ውሃ ውስጥ የቀረ ሲትሪክ አሲድ ግን ብረቱን አቅፎ ውሃው ውስጥ ያስቀረዋል።

ደረጃ 6፦ አድርቁ፣ አስቀምጡ

በ60 ዲግሪ ኦቨን ለ24 ሰዓት፣ ወይም ንጹሕ ሸራ ላይ ስስ አድርጎ በፀሐይ። በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው ውርጭ ሌሊት ያረጥበዋል፤ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡ። በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ መዝናችሁ ክብደቱ ካልተለወጠ ደርቋል። ክዳኑ በሚጠብቅ ፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጡ፣ ቀኑን ጻፉበት።

ደረጃ 7፦ የውሃውን ፒኤች አስተካክሉ

ጭዱን በሚገባ አዘጋጅተው እዚህ የሚወድቁ ብዙ ናቸው። ፒኤቹ ከ3 በታች ከሆነ ሃይድሮጅኑ ቦታውን ይሞላውና ብረቱ አይገባም። ከ6 በላይ ከሆነ ደግሞ መዳብ ራሱ መዝቀጥ ይጀምራል፤ እርሳስም ካርቦኔት ባለበት የወንዝ ውሃ እንዲሁ። ብረቱ ከታች ዘቅጦ ሳለ «ጭዱ ያዘው» ብሎ መጻፍ ራስን ማታለል ነው።

1. መለኪያውን በ4 እና በ7 ማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክሉ። የፒኤች ወረቀት ለባልዲ ሥራ ይበቃል፤ ለጥናታዊ ጽሑፍ አይበቃም።
2. ውሃውን 5 ላይ አምጡ። ለመቀነስ በጣም የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ ወይም ናይትሪክ አሲድ፣ ለመጨመር የቀጠነ ካስቲክ ሶዳ በጠብታ ጨምሩ።
3. በሎሚ ወይም በሲትሪክ አሲድ አታስተካክሉ፤ ምክንያቱ ደረጃ 5 ላይ ተነግሯል።
4. ጭዱን ከጨመራችሁ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። በካስቲክ የታከመ ጭድ ፒኤቹን ከፍ ያደርገዋል። ወደ 5 መልሱት።

በአመድ ፒኤች የሚያስተካክሉም አሉ። አመድ በአንድ ጊዜ ከ9 በላይ ያስወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ የምታዩት መዝቀጥ ነው።

ደረጃ 8፦ ትንሹን ሙከራ ሥሩ

ለልምምድ መዳብ ምረጡ፤ እርሳስና ካድሚየም ለጀማሪ አይሰጡም።

1. 3.93 ግራም ሰማያዊውን የመዳብ ሰልፌት በዲስቲልድ ውሃ አሟምታችሁ 1 ሊትር አድርጉ። ይህ በሊትር 1,000 ሚሊ ግራም መዳብ ይሰጣል። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ ወደ 1 ሊትር አሳድጉት፤ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ሆነ። ዓይን አያየውም፤ ንጹሕ ውሃ ስለሚመስል ወዲያው ስም ጻፉበት።
2. አምስት ዕቃ በ100 ሚሊ ሊትር ሙሉ። አራቱ ላይ 0.1፣ 0.2፣ 0.5 እና 1 ግራም ጭድ ጨምሩ። አምስተኛው ያለ ጭድ ይቆይ፤ የዘቀጠውን የሚያጋልጠው እሱ ነው።
3. ስድስተኛ ዕቃ ላይ ንጹሕ ውሃና 1 ግራም ጭድ ጨምሩ። ጭዱ ራሱ የሚለቀው ነገር በዚህ ይታወቃል።
4. ለሁለት ሰዓት በማንቀጥቀጫ፣ ከሌለ በየአምስት ደቂቃው በእጅ ናጡ። የክፍሉ ሙቀት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይሁን፤ በደጋ ማለዳ ቅዝቃዜ ሥራው ይዘገያል።
5. በማጣሪያ ወረቀት አጣሩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ለናሙናው ናይትሪክ አሲድ (ለ1 ሊትር 2 ሚሊ ሊትር) ጨምሩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አሲዱ ብረቱን ከጭዱ ላይ አራግፎ ወደ ናሙናው ይመልሰዋል፤ ውጤታችሁም ዜሮ ይሆናል።
6. በአሲድ በታጠበ ፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጋችሁ አቶሚክ አብሶርፕሽን መሣሪያ (የብረት መጠን መለኪያ) ወዳለው ላቦራቶሪ ላኩ።
7. እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ድገሙ።

ሒሳቡ፦ የመጀመሪያው መጠን ሲቀነስ የቀረው፣ በሊትር ተባዝቶ፣ ለጭዱ ግራም ይካፈላል። ለምሳሌ 10 የነበረው 1.2 ቢሆን፣ በ0.1 ሊትር እና በ0.5 ግራም፦ 8.8 × 0.1 ÷ 0.5 = 1.76 ሚሊ ግራም በ1 ግራም ጭድ። 88 በመቶ ወጥቷል ማለት ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ለመስኖ ውሃ መዳብን 0.2 ላይ ስለሚገድብ፣ ገና ስድስት እጥፍ ይቀራችኋል።

ደረጃ 9፦ ወደ 20 ሊትር ባልዲ

ከላይ ባለው ምሳሌ 5 ግራም ለ1 ሊትር ደርሷል፤ ለ20 ሊትር 100 ግራም። ግን መቶውን በአንድ ጊዜ አትጨምሩ። 50 ግራም ጨምራችሁ ለሁለት ሰዓት አማስሉ፣ አጥልሉ፣ ከዚያ በአዲስ 50 ግራም ድገሙ። በተመሳሳይ ጭድ የበለጠ ብረት ይወጣል። ውሃውን በአቡጀዴ አሳልፉ፣ ቀጥሎ በታጠበ አሸዋ። ጭዱን ውሃ ውስጥ አታሳድሩት፤ መበስበስ ይጀምርና ሽታውም ቀለሙም ይመለሳል።

ደረጃ 10፦ ቱቦ

ለዚህ ቆሮቆንዳ ይሻላል፤ ጭድ ይለዝብና ይጨመቃል።

1. 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ 1 ሜትር ቁረጡ፤ የታችኛውን ጫፍ ቫልቭ ባለው ክዳን ዝጉ፤ የላይኛውን ከሞላችሁ በኋላ የውሃ መውጫ ባለው ክዳን ትዘጋላችሁ።
2. ከታች 10 ሳንቲ ሜትር የታጠበ ጠጠር፣ ላዩ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ሻካራ አሸዋ ጨምሩ።
3. ቆሮቆንዳውን ሌሊቱን ሙሉ በውሃ ዘፍዝፉት። ደረቁን ከሞላችሁት ቱቦ ውስጥ አብጦ ይደፍናል፣ ወይም ተሰንጥቆ ውሃው በስንጥቁ ብቻ ያልፋል።
4. ቱቦው ውስጥ ውሃ ይዛችሁ እርጥቡን ቀስ እያላችሁ 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ ሙሉ፤ ላዩን በወንፊት ጨርቅ ያዙ። ይህ ወደ 5 ሊትር ነው። በደረቁ ስንት ኪሎ እንደገባ መዝግቡ።
5. ውሃውን ከፍ ካለ በርሜል አምጥታችሁ ከታች ወደ ላይ አሳልፉ። ከላይ ወደ ታች ከሆነ አየር ይታፈንና ውሃው አቋራጭ ይፈልጋል።
6. ፍጥነቱን በሰዓት 10 ሊትር አድርጉ፤ ማለትም በደቂቃ 170 ሚሊ ሊትር ገደማ። ውሃው ቱቦው ውስጥ እስከ ግማሽ ሰዓት ይቆያል።

1.5 ኪሎ ከገባና አቅሙ በግራም 1.76 ሚሊ ግራም ከሆነ፣ በሊትር 10 ሚሊ ግራም መዳብ ያለውን ውሃ በወረቀት ላይ 264 ሊትር ያክማል። ግማሹን ብቻ እመኑ፤ 130 ሊትር ላይ ለኩ።

ክሮሚየም ለብቻው

ስድስት ሙሌት ያለው ክሮሚየም ውሃ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ አሉታዊ ስለሚሆን ጭዱ ላይ የሚሄደው ፒኤች 2 አካባቢ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ጭዱ ከፊሉን ወደ ሦስት ሙሌት ክሮሚየም ለውጦ መልሶ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። በዳይፌኒልካርባዛይድ የሚሠራው ሐምራዊ ምርመራ የሚያየው ስድስት ሙሌቱን ብቻ ስለሆነ «ሁሉም ጠፋ» ያሰኛል። አጠቃላይ ክሮሚየም ካላስለካችሁ ውጤቱን አትጻፉ። የተለወጠውን ለማውጣት ፒኤቹን በኖራ ወደ 8 አምጡ፣ አዝቅጡ፣ አጣሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ ላይ ሳታውቁ አሲድ አትጨምሩ። ፀጉር ከማውጣት የመጣ ሰልፋይድ ካለበት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣል፤ ሰው ይገድላል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከመጣ ውጡ። ሽታው ቢጠፋም አትመለሱ፤ ጋዙ ሲበረታ አፍንጫ ያደነዝዛል።

ደረጃ 11፦ ያገለገለውን ጭድ

ብረቱ አልጠፋም፤ ጭዱ ላይ ነው። ለከብት አትስጡ፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩ፣ ምድጃ ላይ አታንድዱ፣ ወንዝ ዳር አትጣሉ። ሲቃጠል ካድሚየምና እርሳስ በጭሱ ይወጣሉ፣ የቀረው በአመዱ ይከማቻል። ሰው ጭድ ሲያይ ቀለብ ስለሚመስለው ቁልፍ ያለው ቦታ አስቀምጡ፣ «መርዝ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት።

እንደገና ለመጠቀም፦

1. 8.3 ሚሊ ሊትር ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ (37 በመቶ) ወደ ውሃ ጨምራችሁ 1 ሊትር አድርጉ። አሲድ ወደ ውሃ!
2. ለ1 ግራም ጭድ 10 ሚሊ ሊትር አድርጋችሁ አንድ ሰዓት አማስሉ፣ አጥልሉ።
3. በውሃ እጠቡ፣ ፒኤቹን ወደ 5 መልሱ።
4. አሲዱን በኖራ ወደ 9 አምጡ። ከ11 በላይ አታሳልፉ፤ ዚንክና እርሳስ መልሰው ይሟሟሉ። ሲዘቅጥ ዝቃጩን ለዩ፣ በተዘጋ ፕላስቲክ አስቀምጡ፣ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበል ላቦራቶሪ አስረክቡ።

በየዙሩ አቅሙ ይቀንሳል። ከግማሽ በታች ሲወርድ ተዉት፤ እሱንም ከዝቃጩ ጋር አስረክቡ።

ሲበላሽ

*ውሃው ቡናማ ሆነ።* ደረጃ 3 አልተሟላም። ፒኤቹ ከ7 በላይ ከሆነም ቀለሙ ይወጣል፤ መጀመሪያ እሱን ለኩ።

*ጭዱ ተንሳፈፈ።* ሰሙ አልተነሳም፣ ወይም በጣም ደርቆ ገብቷል። ለአንድ ሰዓት በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አስገቡ።

*በሠራነው ውሃ ላይ ሠርቶ በወንዝ ውሃ ላይ ደከመ።* የወንዝ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም አለው፤ ቦታውን ይሻሙታል። ደረጃ 8ን በራሱ በወንዙ ውሃ ድገሙ፤ የጭዱ መጠን የሚወሰነው በዚያ ነው።

*ጭድ የሌለበት ዕቃ ላይም ብረቱ ቀነሰ።* ዘቅጧል፣ ወይም ዕቃው ግድግዳ ላይ ተጣብቋል። ፒኤቹን ወደ 5 ዝቅ አድርጉ፣ ከብርጭቆ ወደ ፕላስቲክ ዕቃ ዙሩ።

*ቱቦው ቀስ በቀስ ዘጋ።* በላይኛው በኩል ንጹሕ ውሃ ለቃችሁ ወደ ታች አጥቡት። ካልከፈተ ደቃቅ ገብቷል፤ አውጡት፣ እንደገና ንፉ። አውጥታችሁ ስትነፉ እርጥብ ይሁን፣ ጓንት አድርጉ፤ ብናኙ አሁን ብረት ተሸክሟል።

*ከቱቦው የወጣው ዚንክ ከገባው በለጠ።* መለኪያው አልተሳሳተም። ቆሮቆንዳው ሲሞላ እርሳስና መዳብ ጠበቅ ብለው ስለሚያዙ ቀድሞ የተቀመጠውን ዚንክና ካድሚየም ገፍተው ያስወጡታል። ውሃውን ወዲያው ዝጉ፣ ከመጨረሻው ደህና ልኬት ወዲህ የወጣውን ውሃ ወደ በርሜሉ መልሱ፣ ቆሮቆንዳውን ቀይሩ። ብዙ ብረት ባለበት ውሃ ላይ ሁለት ቱቦ አከታትላችሁ አስቀምጡ፤ ከመጀመሪያው ያመለጠውን ሁለተኛው ይይዘዋል።